ሌጎ ለምትገጣጥሙ፦ ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የካ አባዶም ሆነ ኮዬ ፈጬ፣ በከተማው ዳር ባሉ ኮንዶሚኒየሞች የሌጎ ከረጢት ያለበት ቤት ታሪኩ ተቀራራቢ ነው። ግማሹ ፍሬ ከውጭ በዘመድ ሻንጣ የመጣ፣ ግማሹ ከመርካቶ የተገዛ። ካርቶኑ ከተጣለ ቆይቷል። ማኑዋሉን ትንሹ ልጅ ቀዶታል። ከዚያ ስልክ ይወጣና ፍለጋ ይጀመራል። ኢንተርኔት ላይ ነገሩ ሞልቷል፤ የሚያደክመው አፈላለጉ ነው።

ዋናው ስህተት በስም መፈለግ ነው። «ቀይ የሌጎ መኪና» ብላችሁ ብትጽፉ የሚመጣላችሁ የማስታወቂያ መዓት ነው። ሌጎ የሚፈለገው በቁጥር ነው። ካርቶኑና ማኑዋሉ ላይ የስብስቡ ቁጥር አለ፤ ብዙ ጊዜ 4 ወይም 5 አሃዝ ነው። እሱን የአምራቹ ድረ ገጽ ላይ፣ የመገጣጠሚያ መመሪያዎች ክፍል ውስጥ አስገቡት። ማኑዋሉ በፒዲኤፍ፣ ያውም በነፃ ይወርዳል።

ካርቶኑም ማኑዋሉም ከሌለስ? ፍሬዋን ገልብጡ። ከሆዷ በኩል ደቃቅ ቁጥር ተቀርጾባታል። የስልካችሁን መብራት ከጎን ብታበሩባት ይታያል። የተለመደችው፣ በላይዋ ባሉት ጉብታዎች ሲቆጠር ሁለት በአራት የሆነችው፣ 3001 ናት። ሁለት በሁለቷ 3003፣ ስስዋ አንድ በሁለት ደግሞ 3023። ቁጥሩን ሪብሪከብል ወይም ብሪክሊንክ የሚባሉት ድረ ገጾች ላይ ስታስገቡ ፍሬዋ የትኞቹ ስብስቦች ውስጥ እንዳለች ይዘረዘርላችኋል። ግን 3001ን ይዛችሁ አትድከሙ፤ የሌለችበት የለም። ለየት ያለችውን ፈልጉ፦ ክንፍ፣ የመኪና መስታወት፣ ሥዕል የታተመባት ፍሬ። ከረጢቱ ውስጥ ያለው የምን ስብስብ እንደሆነ የምታሳብቀው እሷ ናት። ቁጥሩ አልነበብ ካለ ብሪኮግናይዝ የሚባል ድረ ገጽ አለ። ፎቶ አንስታችሁ ስትጭኑ የፍሬዋን ማንነት ይገምታል። ግምት ስለሆነ ግን አመሳክሩ።

ሁለተኛው፣ የሌላችሁን ስብስብ ማኑዋል ማውረድ። ልጁ አንድ ትልቅ መርከብ አይቶ ይጓጓል፣ ማኑዋሉ ይወርዳል፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ፍሬ ያልቃል። ከዚያ ለቅሶ ነው። ሪብሪከብል ላይ ያላችሁን ስብስቦች መዝግቡ። በነዚያው ፍሬዎች ሌላ ምን መሥራት እንደሚቻል ያሳያችኋል። የሚጎድላችሁንም ይነግራችኋል። ሰዎች ራሳቸው ነድፈው ካስቀመጧቸው ሥራዎች የተወሰኑት ይሸጣሉ፤ በነፃ የሚሰጡትም ብዙ ናቸው። መጀመሪያ በነፃዎቹ ተለማመዱ።

«የኛ የመርካቶ ነው፣ ይሄ አይመለከተንም» ማለትም ያው ስህተት ነው። እርግጥ የካርቶኑን ቁጥር እነዚህ ድረ ገጾች ላይ ብትፈልጉት ላታገኙት ትችላላችሁ። ልኩ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው። የሌጎ ጡብ ፓተንት የተጠየቀው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው፤ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። ስለዚህ ሌሎች ፋብሪካዎች በዚያው ልክ ይሠራሉ። ከአንዱ ጉብታ መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል 8 ሚሊ ሜትር፣ የጡቡ ቁመት ያለ ጉብታው 9.6 ሚሊ ሜትር። ሦስት ስስ ፍሬ ቢደራረብ የአንድ ጡብ ቁመት ይሆናል። አንዱን በአንዱ ላይ ሞክሩት። ከያዘ፣ በካርቶኑ ሳይሆን በየፍሬው ቅርጽ መዝግቡትና ቀጥሉ። ጥብቀቱ እንደ ዋናው ላይሆን ይችላል፤ ለረጅም ግንብ ባይሆን ይመረጣል።

ዳታ የሚበላው ስህተት ደግሞ ከቪዲዮ እያዩ መገጣጠም ነው። አቁም፣ መልስ፣ እንደገና አቁም። ፓኬጁ አለቀ። መብራት ሲሄድ ደግሞ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል። ፒዲኤፉን አንዴ አውርዳችሁ ስልኩ ላይ ካስቀመጣችሁት ገጹን እያሰፋችሁ ታዩታላችሁ። ለጓደኛም በቴሌግራም ይላካል። ቪዲዮ ጥሩ የሚሆነው ዘዴ ለመማር ነው፤ ለምሳሌ ጡብን በጎን ማስያዝ።

ኮምፒውተር ያላችሁ ሰዎች፣ ያረጀ ምክር አትከተሉ። ብዙ ቆየት ያሉ ጽሑፎች የሌጎን የራሱን የኮምፒውተር መንደፊያ ፕሮግራም፣ ዲጂታል ዲዛይነርን አውርዱ ይላሉ። እሱ ከተተወ ሰነበተ። አሁን የብሪክሊንክ ስቱዲዮ በነፃ አለ። ሊዮካድም እንዲሁ። ሊዮካድ የሚጠቀምበት ኤልድሮው የሚባለው የፍሬዎች ስብስብ መነሻው ጄምስ ጄሲማን የተባለ አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ1995 የጀመረው ሥራ ነው። አንዴ ከጫናችሁት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ለኛ ሰፈር የተሠራ ነው የሚመስለው።

በመጨረሻ፣ የጎደለ ፍሬ ስትገዙ በዋጋው ብቻ አትጓጉ። ብሪክሊንክ ላይ አንዷ ፍሬ በጥቂት ሳንቲም ትሸጣለች። ማጓጓዣው ግን ከፍሬዋ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል፣ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ነው። ሻጩ ወደ ኢትዮጵያ መላክ አለመላኩን አስቀድማችሁ እዩ። ቀለሙንም ልብ በሉ። አምራቹና ብሪክሊንክ ለአንድ ቀለም የተለያየ ስም ይሰጣሉ። ግራጫው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 አካባቢ ስለተቀየረ አሮጌውና አዲሱ አይመሳሰሉም። የሚሻለው የጎደሉትን አጠራቅሞ ቁጥራቸውን፣ የቀለማቸውን ስምና ብዛታቸውን በአንድ ዝርዝር መጻፍ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሲገኝ ዝርዝሩን ቀደም ብላችሁ ላኩለት፤ እዚያው አገር ካለ ሻጭ አዝዞ በሻንጣው ያመጣዋል።