የጄት ሞዴላችሁ በጭራው እንዳይቀመጥ

የኤፍ-5ኢ ተዋጊ ጄት የፕላስቲክ ሞዴል በ1፡72 (ከእውነተኛው 72 ጊዜ ባነሰ) መጠን ስትሠሩ የአካሉን ሁለት ግማሾች ከማጣበቃችሁ በፊት አፍንጫው ውስጥ እንደ እርሳስ ብረት ፍሬ ያለ ክብደት ክተቱ። መጠኑን በግምት አትወስኑ፤ ክፍሎቹን በወረቀት ፕላስተር አያይዛችሁ፣ የኋላ ጎማዎቹ በሚያርፉበት መስመር ላይ በሁለት ጣት ደግፉትና አፍንጫው እስኪያዘነብል ጨምሩ። ሁለቱን ሞተሮች በአንድ ትልቅ የምትተኩበት ምናባዊ ዓይነት ከሆነ (ከኤፍ-5 የተገኘው ኤፍ-20 በእውነትም እንዲህ ነው የተሠራው) ከባዱን የሬዚን (በቅርጽ ፈስሶ የሚደርቅ ፕላስቲክ) ጭስ ማውጫ ሳትገጥሙ አትመዝኑ።

ዋናው ጥንቃቄ ግን ማጣበቂያው ላይ ነው። የእርሳስ ብረት ፍሬ በነጭ የእንጨት ኮላ ፈጽሞ አታጣብቁ፤ ከኮላው የሚወጣው አሲድ እርሳሱን እየበላ ያሳብጠዋል፣ ቆይቶም ያለቀ ሞዴል መጋጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል። ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚደርቅ ማጣበቂያ) ተጠቀሙ። ከልክ በላይም አትጫኑ፤ የፊት ጎማው ቀጭን የፕላስቲክ እግር ይጎብጣል።