ፕሮፖዛል ማመልከቻ አይደለም፦ ለቤተ መጻሕፍት ድጋፍ እንዴት ይጠየቃል?

የመጀመሪያውን ፕሮፖዛላችንን የጻፍነው እንደ ማመልከቻ ነበር። «ቤተ መጻሕፍታችን በከፍተኛ ችግር ላይ የሚገኝ በመሆኑ የተለመደው ትብብራችሁ እንዳይለየን በትህትና እንጠይቃለን።» ማኅተሙም በሥርዓቱ አርፎበታል። ሦስት ገጽ ሙሉ የጎደለንን ዘረዘርን፤ መጽሐፍ የለንም፣ ወንበር የለንም፣ ኮምፒውተር የለንም። «አልተመረጣችሁም» የሚል ሁለት መስመር መልስ መጣ። ያኔ በጣም ተናድጄ ነበር። አሁን ሳነበው ግን እኔም ብሆን አልሰጥም።

ፕሮፖዛል ወደ ውል ይጠጋል። ይህን ያህል ስጡን፣ በዚህ ወር ይህን ሠርተን እናሳያችኋለን፣ ካላሳየን ጠይቁን ማለት ነው። ይህ ከገባችሁ የቀረው ሥራ ይቀላል።

መጀመሪያ ቁጠሩ

ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ደብተር በር ላይ አስቀምጡ። ለአራት ሳምንት የገባውን ሰው ሁሉ መዝግቡ። ስም አያስፈልግም። ሰዓቱን፣ ወንድ ወይም ሴት መሆኑን፣ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ፣ ምን ፈልጎ እንደመጣና አግኝቶ እንደሆነ ብቻ ጻፉ። ቦታ አጥቶ የተመለሰውንም አትርሱ። ከሁሉ የሚበልጠው ቁጥር እሱ ነው።

እኛ መንዝ ውስጥ ይህን ስናደርግ ያልጠበቅነው ነገር ወጣ። ችግራችን የመጽሐፍ እጥረት ነው ብለን ነበር የምናምነው። ደብተሩ ሌላ አለ። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ወንበር አይገኝም። የሚመጡት አብዛኞቹ ደግሞ ከገጠር ቀበሌ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ናቸው። አገሩን የሚያውቅ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ለሦስት ለአራት አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንድ አምፖል፣ ቅዳሜ አገር ቤት ሄዶ ስንቅ ይዞ መመለስ። ማታ የሚያጠኑበት ቦታ የላቸውም። እኛ ደግሞ 11 ሰዓት ላይ በሩን ቆልፈን እንሄዳለን!

ስለዚህ ሁለተኛው ፕሮፖዛላችን መጽሐፍ አልጠየቀም። እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ከፍተን መቆየት የምንችልበትን ነገር ነው የጠየቀው፤ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ በሶላር የሚሠራ መብራት፣ ብርዱ የሚገባባቸውን መስኮቶች መጠገኛ። የመንዝን ብርድ የማያውቅ ገምጋሚ መስኮቱ ምን አገባው ይል ይሆናል። አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩለትና ይገባዋል።

ለማን ነው የምትልኩት?

አንዱን ጽሑፍ ለአሥር ቦታ መላክ ጊዜ ማባከን ነው። አዲስ አበባ ካሉት ኤምባሲዎች የጃፓን፣ የካናዳና የአውስትራሊያ ኤምባሲዎች ለአካባቢ ድርጅቶች የሚሆኑ አነስተኛ የድጋፍ ፕሮግራሞች አሏቸው። ጥሪያቸውን፣ ማለትም ማን ምን መጠየቅ እንደሚችል የሚገልጸውን ማስታወቂያ፣ ከራሳቸው ድረ ገጽ ላይ አንብቡ፤ ትኩረታቸውም የሚሰጡት ብር ጣሪያም ሊለዋወጥ ይችላል። መጽሐፍ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ እንደ ኮድ ኢትዮጵያና ኢትዮጵያ ሪድስ ያሉ በንባብ ላይ የሚሠሩትን ጠይቁ። የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ በ2017 ዓ.ም. ከተዘጋ ወዲህ በሌሎቹ በር ላይ ያለው ሰልፍ ረዝሟል። ይህንንም አስቡበት።

የማይሰጡትን ደግሞ አትጠይቁ። ለምሳሌ የጃፓኑ ፕሮግራም ለግንባታና ለዕቃ እንጂ ለደመወዝና ለመሳሰሉት የሥራ ማስኬጃ ወጪዎች አይሰጥም። የጥበቃ ደመወዝ እዚያ ውስጥ ካስገባችሁ፣ ጥሪውን እንዳላነበባችሁ ራሳችሁ መሰከራችሁ ማለት ነው።

ወረቀት

የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ በወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ስር ስለሆነ በራሱ ስም ውል ላይፈርም ይችላል። ያኔ ጽሕፈት ቤቱ ወይም የተመዘገበ ማኅበር አመልካች ይሆናል። ማን እንደሚፈርም፣ ብሩ በማን ሒሳብ እንደሚገባ በቃለ ጉባዔ ወስኑ። የምዝገባ ሰርተፊኬት፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ የኦዲት ሪፖርት፣ የባንክ ማስረጃ፤ ሁሉንም ስካን አድርጋችሁ አንድ ፎልደር ውስጥ አኑሩ። በመጨረሻው ቀን ማኅተም ያዡ ለቅሶ ሄዷል መባል የተለመደ ነው።

አጻጻፉ

እኛ የሸዋ ሰዎች ሰምና ወርቅ እንወዳለን። ፕሮፖዛል ግን አይወድም። ወርቁን የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ አውጡት፤ ማን ናችሁ፣ ለማን፣ ምን ልታደርጉ፣ በስንት ብር፣ በስንት ወር። ገምጋሚው ሌላ ምንም ባያነብ ይህን አንብቦ ለባልደረባው መናገር መቻል አለበት።

«የንባብ ባህል ተዳክሟል» የሚል መግቢያ ሰርዙት። ሁሉም ይጽፈዋል፤ የትኛውም ከተማ ላይ ይለጠፋል። በምትኩ ከደብተሩ ጻፉ፦ «በአራት ሳምንት ውስጥ ይህን ያህል ተማሪ መጣ፣ ይህን ያህሉ ወንበር አጥቶ ተመለሰ።»

ከዚያ ሎግ ፍሬም የሚባለው ሰንጠረዥ ይመጣል። ስሙ ያስፈራል እንጂ አራት ጥያቄ ነው። ምን እንሠራለን? ከሥራው ምን ይገኛል? በሰዎቹ ላይ ምን ይለወጣል? መለወጡን በምን እናውቃለን? ጠረጴዛ መግዛት ሥራ ነው። 40 አዲስ መቀመጫ ውጤት ነው። ማታ ማታ 40 ልጅ ተቀምጦ ማጥናቱ ለውጥ ነው። ማወቂያው ያው የበሩ ደብተር ነው። ብዙ ሰው ግን ጠረጴዛው ጋ ሲደርስ ያቆማል። «የተማሪዎች ውጤት በ50 በመቶ ይጨምራል» የሚል ተስፋም አትስጡ። የፈተና ውጤት በእናንተ እጅ አይደለም፤ በሩን ከፍቶ ማምሸት ግን በእጃችሁ ነው።

በጀት

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ገምጋሚዎች መጀመሪያ የሚገልጡት ይህን ገጽ ነው ቢባል አምናለሁ። ለእያንዳንዱ ዕቃ ከሻጮች ሦስት ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት) ሰብስቡ፤ ቢያንስ አንዱን ከደብረ ብርሃን። ዋጋውን ሳይሆን ስሌቱን አሳዩ። ለምሳሌ መደርደሪያ፦ 10 በ9,000 ብር፣ 90,000 ብር። ሻጩ የቫት ተመዝጋቢ ከሆነና ዋጋው ቫትን ካልጨመረ 15 በመቶ፣ ማለትም 13,500 ብር ይጨመራል። ድምሩ 103,500 ነው። እኛ ቫቷን ረስተን ከኪሳችን አዋጥተናል፤ ሌላው ቢቀር ይህን ስህተት ከእኛ ተማሩ። ማጓጓዣና ማውረጃም እንዲሁ ይረሳል።

ዋጋ እንደሚጨምርም አስቡ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የሶላር ዕቃ በድሮ ፕሮፎርማ የሚሸጥላችሁ የለም። ፕሮፎርማው ስንት ቀን እንደሚቆይ አንብቡ፤ ለጋሹ ከፈቀደም መጠባበቂያ አስገቡ። በፌዴራል የተመዘገበ ድርጅት ከሆናችሁ ደግሞ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪን ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል።

የራሳችሁን መዋጮ በብር ተምኑት። እድሩ የሚያውሰው አግዳሚ፣ የአናጢው የሁለት ቀን ጉልበት፣ ክፍሉ ራሱ፤ ሁሉም ዋጋ አለው። ባዶ እጁን የመጣ ሰው አለመሆናችሁ የሚታየው እዚህ ነው።

ብሩ ሲያልቅስ?

«ማኅበረሰቡ በባለቤትነት ያስቀጥለዋል» ማንንም አያሳምንም። የማታ ጥበቃውን ማን ይከፍላል? የሶላሩ ባትሪ ሲደክም ማን ይቀይራል? የወረዳውን የድጋፍ ደብዳቤ ስታስጽፉ «አስፈላጊውን ትብብር እናደርጋለን» የሚለውን አትቀበሉ። ከየትኛው የበጀት ዓመት ጀምሮ በወር ስንት ብር እንደሚከፍል ይጻፍበት። በጀት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ጥያቄውን ቀደም ብላችሁ፣ እቅድ በሚያዝበት ሰሞን አንሡት። ጥቂት ምልልስ አለው፤ ሻይም ትጠጣላችሁ። ግን ያገኛችሁት ያ ወረቀት ከአሥር ገጽ ማብራሪያ ይበልጣል።

ሰዓቱን ተጠንቀቁ

አንድ ጊዜ ማስገቢያው «12፡00» ይላል። የኛ ጸሐፊ የማታ 12 ብሎ ያዘው። በፈረንጅ አቆጣጠር ግን እኩለ ቀን፣ ማለትም የኛ 6 ሰዓት ነበር። 10 ሰዓት ላይ ልንልክ ስንከፍተው ፎርሙ ተዘግቷል። ቀኑንም ሰዓቱንም ወደ ኢትዮጵያ ቀይራችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። በጂኤምቲ (በግሪንዊች ሰዓት) ከሆነ ሦስት ሰዓት ጨምሩና ነው የምትቀይሩት፤ 17፡00 ጂኤምቲ የኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። መብራትም ኔትወርክም አይታመንም፤ ከሁለት ቀን በፊት ላኩ።

ካልተሳካ በትህትና አስተያየት ጠይቁ፤ አንዳንዶቹ ይመልሳሉ። በሁለተኛው ሙከራችን ከለጋሹ አንድ ስልክ ተደወለልን። ስለ ንባብ ባህል ማንም አልጠየቀም። «የማታ ጥበቃውን የምትከፍሉት ከየት ነው?» አሉ። የወረዳውን ደብዳቤ ገጽ ቁጥር ነገርናቸው።