ክረምቱን አብሮ መሣል፦ የሰፈር የሥዕል ቡድን እንዴት ይቋቋማል? እንዴትስ እስከ እንቁጣጣሽ ይዘልቃል?

ክረምት ሲገባ ሥዕል የሚወድ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ምክንያት ይደረድራል፤ ቀለሙ አይደርቅም፣ ቤቱ ይጨልማል፣ መንገዱ ጭቃ ነው። ሦስቱም እውነት ናቸው። እኔም እነዚህኑ እየደረደርሁ ለዓመታት ከሰኔ እስከ መስከረም ብሩሽ ሳልነካ እከርም ነበር። ክረምት ለሥዕል እንዴት ያለ ደግ ወቅት እንደሆነ የገባኝ አዲስ አበባ በምኖርበት ሰፈር ሰባት ሆነን በየቅዳሜው መገናኘት ስንጀምር ነው። ተማሪውም መምህሩም እረፍት ላይ ነው። ደመናው ብርሃኑን አጣርቶ ያወርደዋል። ዝናቡም እንግዳን ቶሎ ተነሥቶ እንዳይሄድ ያደርገዋል።

እንዲህ ያለ ቡድን ለማቋቋም ገንዘብም ልዩ ችሎታም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ጥቂት ዝግጅት ነው፤ ዝግጅቱም ሰኔ ሳያልቅ ቢጠናቀቅ ጥሩ ነው።

በሰኔ ሰው ሰብስቡ

ከስድስት እስከ ስምንት ሰው በቂ ነው። አራት ብቻ ከሆናችሁ ዶፍ በወረደበት ቀን ሁለቱ ይቀሩና ስብሰባው ይፈርሳል። ከአሥር በላይ ከሆናችሁ ደግሞ የሁሉንም ሥራ ለማየት ጊዜ አይበቃም። ሰው ስትመርጡ ችሎታን አትመዝኑ፤ የቤቱን ርቀት መዝኑ። በእግሩ ሃያ ደቂቃ ተጉዞ የሚደርስ ጀማሪ፣ ከሌላኛው የከተማ ጫፍ በሁለት ታክሲ ከሚመጣ ጎበዝ ሠዓሊ ይልቅ ለክረምት ቡድን ይጠቅማል። የእኛ ቡድን ውስጥ ጡረታ የወጡ መምህርት፣ አንድ ልብስ ሰፊ፣ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና አንድ የ12 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ልጁ ከሁላችንም የተሻለ ዐይን ነበረው።

ሰዓቱ ጠዋት ይሁን። በአዲስ አበባ የክረምት ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚበረታ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ብትገናኙ መምጫውም መመለሻውም ይቀላል፤ ብርሃኑም ያኔ የተሻለ ነው።

ቦታውን በየቤቱ እያዞሩ ማድረግ እንደ ጽዋ ማኅበር ያምራል፤ እኛም በዚያ መንገድ ጀምረን ነበር። ነገር ግን ያልደረቀ ሥዕል ይዞ በዝናብ ከቤት ቤት መንከራተት ሥራንም ልብስንም ያበላሻል። አንድ ቋሚ ክፍል ፈልጉ። ትምህርት ቤቶች በክረምት ክፍሎቻቸው ባዶ ስለሚሆኑ ርእሰ መምህሩን ማነጋገር አይከፋም። የአንዱ አባል ሳሎንም ይበቃል። ከእቁብ የምትወስዱት ሌላ ነገር አለ፤ በየሳምንቱ ሁሉም ትንሽ ያዋጣና እጣ ይወጣል፤ እጣ የወጣለት ሰው በገንዘቡ ለራሱ ቀለም ወይም ብሩሽ ይገዛል። ቀለም ውድ ነው፤ ብቻውን ሊገዛው የማይችለውን ትልቅ ቱቦ ነጭ ቀለም አንድ ሰው በተራው ሲያገኝ ማየት ደስ ይላል። በዚያ ላይ እጣው ሰውን በዝናብ ቀን ከአልጋው ያስነሣል።

ክፍሉንና ብርሃኑን አዘጋጁ

ከአውሮፓ የመጡ የሥዕል መማሪያዎች መስኮቱ ወደ ሰሜን የሚያይ ክፍል ምረጡ ይላሉ። ለእነርሱ ትክክል ነው፤ እዚያ የቀትር ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ስለሆነች በሰሜኑ መስኮት ቀጥተኛ ጨረር አይገባም። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ አካባቢ እስከ ነሐሴ መገባደጃ ድረስ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን አልፋ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ስለዚህ ደመናው በተገለጠ ቁጥር በሰሜኑ መስኮት ጨረር ዘው ይላል፤ ሸራችሁም ግማሹ ወርቅ፣ ግማሹ ዐመድ ይመስላል። ለእኛ ክረምት ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ይሻላል። ይህን ሳላውቅ ሁለት ክረምት ሙሉ መጋረጃ ስከፍትና ስዘጋ ኖሬአለሁ።

መብራት ማብራት ግድ ሲሆን አምፖሉ ነጭ ብርሃን የሚሰጥ ይሁን፤ ካርቶኑ ላይ 5000 ኬልቪን አካባቢ የሚል ፈልጉ። በቢጫ አምፖል ሥር የተደባለቀ ሰማያዊ በማግስቱ በቀን ብርሃን ሲያዩት ሌላ ቀለም ሆኖ ይገኛል። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ለሚኖሩ ወገኖች ይህ ምክር ከሁሉ ይበልጣል፤ እዚያ ክረምት ማለት ታኅሣሥና ጥር ነው፤ ፀሐይዋም ሰው ከሥራ ሳይወጣ ትጠልቃለች።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ። ብርድ ነው ብላችሁ መስኮት ዘግታችሁ የከሰል ምድጃ አታስገቡ። የከሰል ጭስ ሽታ ባይኖረውም ይገድላል። የዘይት ቀለም ማቅጠኛም ትነቱ ለሳንባ አይበጅም፤ ከእሳት ጋር ደግሞ አይስማማም። ቡናውን ሌላ ክፍል አፍሉና አምጡ፤ መስኮቱንም ትንሽ ገርበብ አድርጉት። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማድዶ ሲከመር በራሱ ጊዜ ግሎ ሊነድ ይችላል፤ ውሃ ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ ነክራችሁ ክደኑት።

አቡጀዲ ወጥሩ

የተዘጋጀ ሸራ መግዛት ለማይችል ሰው አቡጀዲ አለለት። የጥጥ ጨርቅ ለእኛ ሥዕል እንግዳ አይደለም፤ የጥንት ሠዓሊዎቻችን በጥጥ ጨርቅ ላይ የተሣለውን ሥዕል በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ይለጥፉ ነበር።

መጀመሪያ ጨርቁን እጠቡትና ይሟሽሽ፤ ሳይታጠብ የተወጠረ አቡጀዲ በኋላ ፍሬሙን ያጣምማል። ከዚያ በእንጨት ፍሬም ላይ ወጥሩት። ምስማሩን ከየጎኑ መሐል ጀምራችሁ ወደ ማዕዘኖቹ እየሄዳችሁ ምቱ፤ አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ጨርቁን ያሸበሽበዋል። የእንጨት ኮላ በውሃ አቅጥናችሁ አንድ ጊዜ ቀቡት። ሲደርቅ ነጭ የውሃ ቀለም፣ ለግድግዳ የሚቀባውን ዓይነት፣ ሁለት ጊዜ ደርቡበትና በብርጭቆ ወረቀት ለስለስ አድርጉት። በበጋ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ያልቃል። በክረምት ግን ለእያንዳንዱ ቅብ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ስጡት፤ ዳሰስ ስታደርጉት እጃችሁን የሚቀዘቅዘው ከሆነ ውስጡ ገና ውሃ አለው።

ይህን ሥራ ለየብቻ አትሥሩት። የመጀመሪያዋን ቅዳሜ ሙሉ ለመወጠሪያ አድርጓት። ማንም ገና ስላልሣለ ማንም አያፍርም፤ አንዱ ጨርቅ ይስባል፣ ሌላው ምስማር ይመታል፤ ወዳጅነቱ የሚጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ከእርጥበቱ ጋር ተስማሙ

የዘይት ቀለም የሚደርቀው ውሃ እንደሚተን አይደለም፤ በውስጡ ያለው የተልባ ዘይት ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ነው የሚጠነክረው። ብርድና ጨለማ ይህን ያዘገየዋል። መፍትሔው ከታች ያለውን ቅብ ቀጭን ማድረግ ነው፤ ዘይት የበዛበት ወፍራም ቀለም ሁልጊዜ ከላይ ይሁን። ለመጀመሪያው ቅብ የተቃጠለ አምበር የሚባለውን ጥቁር ቡናማ ብትጠቀሙ በውስጡ ያለው ማንጋኒዝ ማድረቁን ያፋጥንላችኋል።

በውሃ ቀለም የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ክረምት ስጦታ ነው። በበጋ ወረቀቱ ላይ ያፈሰሳችሁት ሰማያዊ ዳሩ ወዲያው ይደርቅና መስመር ያወጣል። በሐምሌ ግን ወረቀቱ ረጠብ ብሎ ይቆያል፤ ግራጫውን በሰማያዊው ጠርዝ ላይ ጠብ ስታደርጉት ቀስ ብሎ ይሰርጋል፣ እንደ ጉም ይበተናል። እርሱን እየጠበቃችሁ ብሩሽ ይዛችሁ ዝም ማለት ነው።

ያለቁ ሥራዎችን መሬት ላይ፣ በተለይም ከውጭ ግድግዳ ጋር አስጠግታችሁ አታስቀምጡ። ከሸራው ጀርባ ሻጋታ የሚጀምረው እዚያ ነው። ከፍ ካለ ነገር ላይ፣ ከኋላቸው አየር እንዲያልፍ ጣት የሚያህል ክፍተት ትታችሁ አቁሟቸው።

ያላለቀውን አምጡ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስሁ። የሥዕል ቡድን የሚሞተው ሰው ያለቀ ሥራ ብቻ ይዞ መምጣት ሲጀምር ነው። ያለቀ ሥራ ምስጋና ይፈልጋል፤ ተመስግኖም ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ሳይጨርስ የቀረው ደግሞ አፍሮ ይቀራል። የእኛ ሕግ አንድ ነው፦ ያላለቀ ይዘህ ና።

በአንድ ቅዳሜ ከሦስት ወይም ከአራት ሰው በላይ ሥራ አታሳዩ፤ ለእያንዳንዱ አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ስጡ። ሥዕሉ ይቆማል፤ ባለቤቱ ለጊዜው ዝም ይላል። ሌሎቹ «ያምራል» ወይም «አያምርም» ሳይሉ የሚያዩትን ብቻ ይናገራሉ፦ ዐይኔ መጀመሪያ ያረፈው እዚህ ላይ ነው፣ ይህ ሰው የቆመ ይመስላል ወይስ የሚራመድ? ከዚያ ባለቤቱ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። አንድ ብቻ።

ከማልረሳቸው ቀኖች አንዱን ልንገራችሁ። መምህርቷ የግቢያቸውን በር በዝናብ ሥለው አመጡ። ዝናቡ ከላይ እስከ ታች በግራጫ ሰረዝ ሰረዝ ተሠምሯል። ሁላችንም ስለ በሩ ቀለም እናወራ ነበር። ልጁ ሸራውን ትኩር ብሎ ሲያይ ቆየና «እትዬ፣ ዝናቡ እኮ አየሩ ላይ ብዙም አይታይም፤ የሚታየው መሬቱ ላይ ነው» አላቸው። ሁላችንም ወደ መስኮቱ ዞርን። እውነቱን ነው። አየሩ ጭጋግ ብቻ ነበር፤ ዝናቡ የነበረው ኩሬው ላይ በሚፈነዱት ክቦች፣ በጠቆረው የድንጋይ አጥር፣ ከቆርቆሮው ጠርዝ በሚንጠባጠበው ውሃ ላይ ነው። መምህርቷ ምንም አላሉም። ጨርቅ አነሡና ሰረዞቹን አንድ በአንድ ጠረጓቸው። በበጋ ቢሆን ቀለሙ ደርቆ እምቢ ይላቸው ነበር፤ በሐምሌ ግን ከሳምንት በኋላም ለስላሳ ነበርና ታዘዘላቸው። ሥዕሉ ለመምህርቷም ለልጁም ትልቅ ነገር ሆነ፤ ያለቀ ሥራ ቢሆን ኖሮ ግን ልጁ አፉን አይከፍትም ነበር።

ጣሪያችሁ ቆርቆሮ ከሆነ ዶፉ ሲወርድ መደማመጥ አይቻልም። ትንንሽ ወረቀቶች ቆራርጣችሁ አስቀምጡ። ዝናቡ ሲበረታ ሁሉም የሚያየውን ጽፎ ለባለቤቱ ይስጠው። ዐይን አፋር ሰው በወረቀት የሚጽፈው በአፉ ከሚናገረው ብዙ ጊዜ ይበልጣል።

በነሐሴ እንዳትላሉ

ነሐሴ ላይ ጉጉቱ ይቀንሳል፤ በየቡድኑ ያለ ነገር ነው። ያኔ ሁላችሁም አንድ ነገር ሣሉ፦ አንዲት ጀበና፣ በር ላይ የተደገፈ ርጥብ ጃንጥላ፣ በመንገድ ዳር በፍም ላይ የሚጠበስ የበቆሎ እሸት። ሰባት ሰው አንዷን ጀበና ሲሥላት ሰባት ጀበና ትሆናለች፤ የየራሳችሁን እጅ የምታውቁት ያኔ ነው። በቡሄ ሰሞን የልጆቹን ጅራፍና ችቦ ለመሣል ሞክሩ፤ የእሳትን ብርሃን መሣል ከባድ ነው፣ ግን ይሞከር።

አንዷን ቅዳሜ ደግሞ ብሩሽ ሳትይዙ ሥዕል ለማየት ውጡ። አዲስ አበባ ላሉ አምስት ኪሎ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም የዘመናዊ ሠዓሊዎቻችን ሥራዎች አሉት፤ ስድስት ኪሎ አካባቢ ደግሞ በገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የተሰየመው ማዕከል አለ። ገብረ ክርስቶስ ሐረር ተወልዶ ጀርመን አገር ኮሎኝ የተማረ፣ ገጣሚም ሠዓሊም ነበር፤ ተመልሶም ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተምሯል። ስትሄዱ ሁሉንም ለማየት አትሩጡ። ለየሰው አንድ ሥዕል ይመረጥና ፊት ለፊቱ ሩብ ሰዓት ይቁም፤ በኋላ ሻይ ላይ ያየውን ይናገር።

በጷጉሜን በሩን ክፈቱ

ለክረምት ቡድን ከእንቁጣጣሽ የተሻለ መጨረሻ የለውም። ወንዶች ልጆች አበባና መላእክት ሥለው በየቤቱ እየዞሩ ማበርከታቸው አገሩ ሁሉ የሚያውቀው የሥዕል በዓላችን ነው። አሁን አሁን የታተመ ወረቀት እየተካው መምጣቱ ያሳዝነኛል። ስለዚህ በጷጉሜን ክፍሉን ለሰፈሩ ልጆች ክፈቱ። ወረቀት ቆርጣችሁ፣ ከየራሳችሁ የተረፈውን ቀለም አዋጥታችሁ ጠብቋቸው። አስተምሩ ብዬ አልመክርም፤ ቢጫው እንዳያልቅ ብቻ ተጠንቀቁ፤ ሁሉም የሚሥለው አደይ አበባ ነውና።

የእናንተን ሥራዎች በበዓሉ ማግስት በግቢው አጥር ላይ ገመድ ወጥራችሁ በልብስ መቆንጠጫ ስቀሉ። ሸራዎቹን በወንበር ላይ አቁሙ፤ ያልደረቁት ላይ «አይነካ» ብላችሁ ጻፉ። ያላለቁትም ይቅረቡ። ዝናብ ሲበረታ የጻፋችኋቸውን ወረቀቶች ከየሥዕሉ አጠገብ ብትሰኩ ጎረቤት ቆሞ ያነብባል፤ አንዳንዱም እስክሪብቶ ጠይቆ የራሱን ይጨምራል።

ከመበታተናችሁ በፊት ሁለት ነገር ወስኑ፦ የክፍሉ ቁልፍ እስከሚቀጥለው ሰኔ ማን ዘንድ እንደሚቆይ፣ የተረፈውን አቡጀዲም ማን ደረቅ ቦታ እንደሚያስቀምጠው።