ጀልባ ፍሬን የለውም፦ ቼሳፒክ ላይ ዓሣ ስታጠምዱ ከሰው ላለመጣላት

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለን ሐበሾች ጀልባ መግዛት ጀምረናል። ደስ ይላል። ቅዳሜን ሙሉ ሞል ውስጥ ከመዞር አናፖሊስ አጠገብ፣ የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳር ወዳለው ሳንዲ ፖይንት ወርዶ ሮክፊሽ የሚባለውን ዓሣ መፈለግ ይሻላል። ችግሩ መኪና በደንብ የሚነዳ ሁሉ ጀልባም የሚችል ይመስለዋል። ጀልባ ግን ፍሬን የለውም። ጋዙን ብትለቁትም በያዘው ግፊት ይሄዳል፣ ንፋሱና የውኃው ፍሰት ደግሞ ወደፈለጉበት ይወስዱታል። መሪውን ስታዞሩ ወደ ጎን የሚወረወረው የኋላው ክፍል ነው፤ ስለዚህ ሌላ ጀልባ አጠገብ ደርሳችሁ ድንገት ዞሬ አመልጣለሁ ብትሉ፣ አፍንጫው ያመልጥና ጭራው ሄዶ ይላተማል።

መጀመሪያ ወረቀቱን ጨርሱ። ሜሪላንድ ውስጥ ከጁላይ 1 ቀን 1972 ወዲህ (በእኛው ሰኔ 24 ቀን 1964) የተወለደ ሰው የሞተር ጀልባ ለመንዳት የጀልባ ደኅንነት ትምህርት የጨረሰበት ሰርተፊኬት ያስፈልገዋል። በኢንተርኔት መውሰድ ይቻላል። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም። ቨርጂኒያ የምትኖሩም አትዘናጉ፤ እዚያም ትምህርቱ ግዴታ ነው፣ በዚያ ላይ ፖቶማክ ከዲሲ በታች እስከ ቨርጂኒያ ዳርቻ ድረስ የሜሪላንድ ውኃ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ማዕበሉ። ጀልባችሁ ከኋላው የሚጥለው ማዕበል የእናንተ ነው። ሰው ቢጥል፣ የቆመ ጀልባ ከምሶሶ ጋር ቢያጋጭ፣ ተጠያቂው እናንተ ናችሁ። «ኖ ዌክ» (ማዕበል አታስነሱ) የሚል ምልክት አለመኖሩ አያድናችሁም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደግሞ ትሕትና ያሳየ እየመሰለው ነው። መልህቅ ጥለው የሚያጠምዱ ሰዎች ያያል፣ ፍጥነቱን ግማሽ ይቀንሳል፣ እጁን እያውለበለበ ያልፋል። ትልቁ ማዕበል የሚነሳው ግን ልክ በዚያ ፍጥነት ነው! ጀልባው በፍጥነት ሲሄድ ውኃው ላይ ይንሳፈፋል፣ ማዕበሉም ያን ያህል አይከፋም። ግማሽ ሲቀነስ አፍንጫው ወደ ላይ ይነሳል፣ ኋላው ይሰምጣል፣ እንደ ማረሻ ውኃውን እየገለበጠ ይሄዳል። እናም ምርጫው ሁለት ነው። ቦታ ካለ በሩቁ ዙሩና እለፉ። ቦታ ከሌለ ገና ሳትደርሱ ጋዙን ቀንሱ፣ አፍንጫው ወርዶ ጀልባው ጠፍጣፋ እስኪሆን ጠብቁ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ እለፉ። መሃል ሰፋሪነት እዚህ አይሠራም።

የሌላ ሰው ማዕበል ሲመጣባችሁም ፍጥነት ቀንሱና ትንሽ ሰያፍ አድርጋችሁ በአፍንጫው ተቀበሉት። ከፊት የተቀመጠ እንግዳ ካለ አስቀድማችሁ ጮክ ብላችሁ ንገሩት። ከፊት ያለ ሰው ተነስቶ ሲፈጠፈጥ ወገቡ ሊሰበር ይችላል።

ማን ለማን ይለቃል? ሁለት የሞተር ጀልባዎች ሲተላለፉ በቀኛችሁ በኩል የሚያቋርጥ ጀልባ ካለ የምትለቁት እናንተ ናችሁ፤ ወደ ቀኝ ዙሩና ከኋላው እለፉ። ማታ ከሆነ የምታዩት ቀይ መብራቱን ነው፣ ቀይ ደግሞ የትም ቀይ ነው። ፊት ለፊት ከተገናኛችሁ ሁለታችሁም ወደ ቀኝ። ከኋላ መጥቶ የሚቀድም ሁሌም ራሱ ይጠንቀቅ። ስትዞሩ ደግሞ ያኛው እንዲገባው ቀደም ብላችሁና ሰፋ አድርጋችሁ ዙሩ፤ በትንሽ በትንሹ ከዞራችሁ እሱ ምን እንደምታስቡ አያውቅም። ግራ ከገባችሁ አምስት አጭር ጡሩምባ፣ ትርጉሙ «ምን ልታደርግ እንደሆነ አልገባኝም፣ አደጋ አለ» ነው። እዚህ አገር ጡሩምባ እንደ ስድብ ይቆጠራል ብላችሁ አትፈሩ፣ ውኃ ላይ ቋንቋ ነው።

«እኔ ዓሣ እያጠመድኩ ስለሆነ ቅድሚያ የኔ ነው» የሚል ወሬ ትሰማላችሁ። አትመኑ። ሕጉ ያን ቅድሚያ የሚሰጠው መረብ ወይም ሌላ እንደልብ መንቀሳቀስ የሚከለክል መሣሪያ ለያዘ ጀልባ ነው። ክር ከኋላ እየጎተተ የሚሄድ ጀልባ ከዚህ ውጭ መሆኑ በግልጽ ተጽፏል። ግን ሕግ ሌላ፣ ጨዋነት ሌላ። ከኋላው ክር የሚጎትት ጀልባ ስታዩ ጭራው ሥር አትለፉ፤ ክሩ እናንተ ከምትገምቱት በላይ ርቆ ነው ያለው፣ ትቆርጡበታላችሁ፣ ወይም ፕሮፔለራችሁ ላይ ይጠመጠማል።

የዓሣው ነገር ሲመጣ ጠቡ ይጦፋል። መከር ላይ ነጫጭ ወፎች ተሰብስበው ውኃው ላይ ሲወረወሩ ከሥራቸው ሮክፊሽ ትናንሽ ዓሦችን እያሳደደ ነው ማለት ነው። ያን ያየ ሁሉ ልቡ ይቆማል፣ ጋዙን እስከ መጨረሻው ገፍቶ መሃላቸው ይገባል። ዓሣው ይደነግጣል፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ ወፎቹ ይበተናሉ፣ አሥር ጀልባ ባዶ እጁን ይቀራል። እንዲህ አድርጉ፦ ርቃችሁ ፍጥነት ቀንሱ፣ ዙሩና ንፋሱ በሚመጣበት በኩል ቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ንፋሱ ራሱ ወደ ዳር ያደርሳችኋል። መንጠቆውን ወደ ጠርዙ ወርውሩ። ሌላው ቀድሞ ከደረሰ እሱ ባለበት ጎን አትወርውሩ፤ ክራችሁ ከክሩ ጋር ከተጠላለፈ ሁለታችሁም ሥራ ፈታችሁ።

ከፍሰቱ ጋር እየተንሳፈፉ የሚያጠምዱ ጀልባዎች ተራ አላቸው። ማንም አልጻፈውም፣ ግን አለ። ሁሉም ከላይ ይጀምራል፣ እየተንሳፈፈ ይወርዳል፣ ሲጨርስ በሩቁ ዞሮ ከኋላ ይሰለፋል። መሃላቸውን ሰንጥቃችሁ ወደ ላይ ከወጣችሁ ታክሲ ሰልፍ የቀደማችሁ ያህል ነው፣ የሚሰነዘረውንም ታውቁታላችሁ። ዓሣ የያዘ ሰው አይታችሁ አጠገቡ መጥታችሁ መልህቅ መጣልም ያው ነው። ዕድሉን ያየ ሁሉ ድርሻ አለው ማለት አይደለም። መጠየቅ ግን ነውር የለውም፣ «ከታች በኩል ብቆም ይረብሽሃል?» ካላችሁት ብዙ ጊዜ እሺ ነው መልሱ።

መልህቅ ስትጥሉ ገመዱን ከአፍንጫው ጋር እንጂ ከኋላ በፍጹም አትሰሩት፤ ኋላው ዝቅ ያለ ስለሆነ ማዕበል ገብቶ ያሰጥማል። ገመዱን ከጥልቀቱ አምስት እስከ ሰባት እጥፍ ልቀቁ። ያኔ ንፋስ ወይም ፍሰት ሲቀየር ጀልባው ሰፊ ክብ እንደሚዞር አስባችሁ ከጎረቤታችሁ ራቁ። ቼሳፒክን በሚያቋርጠው ትልቁ ድልድይ፣ በቤይ ብሪጅ ምሶሶዎች መካከል የምታጠምዱ በተለይ፤ ፍሰቱ እዚያ ይበረታል፣ ሰውም ይበዛል። በድልድዩ ሥር ወደ ባልቲሞር የሚሄዱ መርከቦች ያልፋሉ። የመርከቡ መንገድ ላይ መልህቅ አይጣልም፤ ለናንተ ብሎ አይቆምም፣ ቢፈልግም አይችልም። ካለፈም በኋላ ማዕበሉ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፣ ተዘናግታችሁ ሻይ አትቅዱ። ትንንሽ ተንሳፋፊ ምልክቶች ካያችሁ ከሥራቸው የሸርጣን ወጥመድ አለ፣ የሰው እንጀራ ስለሆነ ዙሯቸው።

ነጂው ዓሣ አያጥምድ፣ ቢያንስ ጀልባው እየሄደ። አንድ ሰው ሁሌ ዙሪያውን ያይ። ኮስት ጋርድ (የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ) በየዓመቱ በሚያወጣው ሪፖርት ከዋነኞቹ የአደጋ ምክንያቶች መካከል የነጂው አለማስተዋልና ዙሪያን አለማየት አሉበት። በ2023 በአሜሪካ በመዝናኛ ጀልባ አደጋ 564 ሰው ሞቷል፤ የሞቱበት ምክንያት ከታወቀው ሦስት አራተኛው ሰጥመው ነው፣ ከሰጠሙት መካከል 87 በመቶው ላይፍ ጃኬት አልለበሱም። ብዙዎቻችን ዋና ሳንማር ነው ያደግነው፣ እናም ወንበር ሥር የተቀመጠ ጃኬት አይረባም። ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ከ26 ጫማ በታች የሆነ ጀልባ በፍጥነት ሲሄድ ነጂው ሞተር ማጥፊያውን ገመድ ሰውነቱ ላይ እንዲያስር የፌዴራል ሕግ ያዛል። እሰሩት። ነጂው ወድቆ ጀልባው ብቻውን እየዞረ ሲመለስበት ማሰብ አልፈልግም። ቢራው ደግሞ ቤት ይጠብቃችሁ፤ ለመኪና ነጂ የተቀመጠው 0.08 የደም አልኮል ልክ እዚህም ይሠራል፣ ፀሐይና ንፋስ ተጨምሮበት ቶሎ ይመታል።

ራምፕ ላይ፣ ማለትም ጀልባ ከተሳቢ ወደ ውኃ በሚወርድበት ተዳፋት ላይ፣ የሚያናድደው ነገር አንድ ነው፣ ማዘግየት። ቀበቶውን ፍቱ፣ የውኃ ማፍሰሻውን መክደኛ ዝጉ፣ ዕቃውን ጫኑ፣ ይህ ሁሉ በፓርኪንግ ነው። ራምፑ ላይ ጀልባውን አውርዳችሁ ዞር በሉ። ጎህ ሳይቀድ ወደ ኋላ ስትገቡ የፊት መብራታችሁን አጥፉ፣ ከናንተ አጠገብ የሚሞክረውን ያሳውሩታል። መጀመሪያ ጊዜ ተሳቢ የምትነዱ ከሆነ እሁድ ጠዋት ሕዝብ ፊት አትማሩ፣ ባዶ ፓርኪንግ ፈልጉ።

ሌላው ቢያጠፋባችሁስ? ተከትሎ መሄድ፣ ማዕበል መመለስ፣ ክር መወርወር የለም። የሐበሻ እልህ ውኃ ላይ ዋጋው ውድ ነው። የጀልባው ቁጥር በአፍንጫው ሁለት ጎን ተጽፏል፣ የሜሪላንዱ በኤም ዲ ይጀምራል። ፎቶ አንሱት፣ ሰዓቱንና ቦታውን ያዙ፣ ለሜሪላንድ የተፈጥሮ ሀብት ፖሊስ ደውሉ። ሰው አደጋ ላይ ከሆነ ራዲዮውን ቻናል 16 ላይ አድርጋችሁ ጥሩ፤ ያ ቻናል ለጥሪና ለአደጋ ነው፣ ዓሣው የት አለ ለሚል ወሬ ሌላ ቁጥር ምረጡ።