ጨጓራ ምግብ ሲያዘገይ፦ መንስኤውን ስንፈልግ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጨጓራ መውጫ ላይ መንገድ የሚዘጋ ነገር ሳይኖር፣ የጨጓራ ጡንቻና ነርቭ ሥራ ታውኮ ምግብ በወቅቱ ወደ ትንሹ አንጀት ሳይወርድ ሲቀር ሐኪሞች ሕመሙን ጋስትሮፓሬሲስ ይሉታል። ጥቂት ጎርሶ መጥገብ፣ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ መነፋት፣ ምሳ ላይ የተበላውን ማታ መልኩ እንኳ ሳይለወጥ ማስታወክ ምልክቶቹ ናቸው። ታማሚው መንስኤውን ፍለጋ ከአንዱ ክሊኒክ ወደ ሌላው ሲዞር ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ፤ ከእንግልቱ ብዙው ግን ሊቀር የሚችል ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ሕመሙ ሳይጣራ የጨጓራ ቁስለት መድኃኒት ደጋግሞ መውሰድ ነው። ኦሜፕራዞል አሲድ ይቀንሳል እንጂ ምግብ አያወርድም። የኤች ፓይሎሪ ሕክምናም ባክቴሪያው መኖሩ በምርመራ ሲታወቅ የሚሰጥ ነው፤ መጥፋቱ ተረጋግጦ ማስታወኩ ከቀጠለ፣ ያንኑ መድኃኒት እንደገና ከመጀመር ይልቅ ሌላ ምክንያት መፈለግ ይገባል።

ከዚህ የሚከተለው «በኢንዶስኮፒ ምንም አልታየም» ሲባል ፍለጋውን ማቆም ነው። ኢንዶስኮፒ ቁስለትን፣ ዕጢንና ጥበትን ያሳያል፤ ጨጓራ ምግብን የሚያሳልፍበትን ፍጥነት ግን አይለካም። ምርመራው አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ የቆየ ቁስለት ጠባሳ ወይም ካንሰር የጨጓራውን መውጫ ሲያጠብም ምልክቱ ስለሚመሳሰል፣ አስቀድሞ መጣራት ያለበት እርሱ ነው። ፍጥነቱን የሚለካው የ4 ሰዓት ምርመራ ነው፦ ታማሚው ጥቂት ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የተቀላቀለበት የእንቁላል ነጭ በዳቦና በማርማላታ ይበላል፤ ጨረሩን የሚያነብ ካሜራም ወዲያው እንደበላ፣ ከዚያም በ1ኛው፣ በ2ኛውና በ4ኛው ሰዓት ጨጓራ ውስጥ የቀረውን ይለካል። በ4ኛው ሰዓት ከ10 በመቶ በላይ ከቀረ ጨጓራው ዘግይቷል። ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል በ2ኛው ሰዓት የሚቋረጥ ምርመራ የታመመውን ሰው ጤነኛ ነህ ብሎ ሊያሰናብተው ይችላል። አገልግሎቱ ኢትዮጵያ ውስጥ በጥቂት ቦታ ብቻ ስለሚገኝ፣ ዕድሉን ያገኘ ሰው ሙሉው ሰዓት እንዲጠበቅለት አጥብቆ ቢጠይቅ መብቱ ነው።

ብዙዎች የሚወስዱትን ሁሉ ለሐኪም አይናገሩም። እንደ ትራማዶልና ኮዴይን ያሉ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች፣ ለስኳርና ለክብደት መቀነሻ የሚወጋው ኦዚምፒክ፣ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችም ጨጓራን ያዘገያሉ። ጫት መቃምም እንዲሁ እንደሚያዘገይ በጥናት ታይቷል፤ ይህን ደብቆ መንስኤ መፈለግ ድካም ብቻ ነው። ውጤቱ እንዳይዛባ እነዚህ ከምርመራው በፊት በሐኪም ትእዛዝ ይቋረጣሉ፤ በራስ ፈቃድ ግን አይደለም።

የስኳር ሕመምተኞች ጉዳይ ለብቻው መነሳት አለበት። ለረጅም ዓመታት በደንብ ያልተቆጣጠሩት ስኳር ቬገስ የተባለውን የጨጓራ ነርቭ ይጎዳል፤ ከፍ ያለ ስኳር ራሱም በዚያው ሰዓት ጨጓራን ያዘገያል። ኢንሱሊን ተወግቶ ምግቡ ሳይወርድ ሲቀር መጀመሪያ ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ይወርዳል፣ ቆይቶም ይወጣል። ምክንያቱ የማይገባ የስኳር መዋዠቅ ካለ፣ ሕመምተኛው ሥርዓት የለውም ተብሎ ከመወቀሱ በፊት ጨጓራው ይመርመር።

ከስኳር ሌላ የጨጓራ ወይም የጉሮሮ ቧንቧ ቀዶ ሕክምና፣ የታይሮይድ እጥረት፣ ፓርኪንሰን (እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል ሕመም) እና ስክሌሮደርማ (ቆዳንና የውስጥ አካላትን የሚያደድር ሕመም) መንስኤ ይሆናሉ። ሕመሙ ከጉንፋን ወይም ከተቅማጥ በኋላ በድንገት ጀምሮ እንደሆነ ማስታወስም ይጠቅማል፤ ከቫይረስ በኋላ የሚመጣው ዓይነት ብዙ ጊዜ በወራት ወይም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይሻሻላልና። ይህ ሁሉ ተፈትሾ በርካታ ታማሚዎች መንስኤያቸው አይታወቅም። ይህን «ጭንቀት ነው» ብሎ መተርጎም ከሁሉ የከፋው ስህተት ይመስለኛል፤ መንስኤው አለመታወቁ ሕመሙን ሐሰት አያደርገውም፣ ሕክምናውንም አያስቀረውም።

በምግብ በኩል ደግሞ ለጤና ይበጃል የተባለውን ሁሉ መብላት ይጎዳል። ጥሬ አትክልት፣ ጎመን፣ ቅቤ የበዛበት ክትፎ ጨጓራ ውስጥ ይቆያሉ፤ ለጨጓራ ፍቱን ተብሎ የሚጠጣው ተልባም የሚያዝለገልግ አሰር ስላለው ይብሱን ሊያዘገይ ይችላል። ቀጭን አጥሚት፣ የተጣራ ሾርባ፣ የተፈጨ ድንች፣ በቀን 5 ወይም 6 ጊዜ በትንሽ በትንሹ ይሻላል። ጿሚ ከሆኑ፣ ቀኑን ሙሉ ውሎ ማታ አብዝቶ መብላት ለዚህ ጨጓራ ከባድ ስለሆነ፣ ሐኪምንና የንስሐ አባትን ማማከር ይገባል፤ በረመዳንም ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ። ያመመውን ሁሉ እየተዉ በሁለትና ሦስት ምግብ ብቻ መወሰን ግን ሌላ በሽታ ይጠራል፤ በየሳምንቱ ክብደትን መመዘን አይዘንጋ።

ማስታወክን የሚያስታግሰውንና ጨጓራን የሚያነቃቃውን ሜቶክሎፕራማይድ ያለ ሐኪም ገዝቶ ለወራት መዋጥ የፊትና የምላስ ጡንቻን ያለ ፈቃድ የሚያንቀሳቅስ፣ አንዳንዴም የማይድን ጉዳት ያመጣል፤ ከ12 ሳምንት በላይ መውሰድ የማይመከረውም ለዚህ ነው። ደም ማስታወክ፣ የጠቆረ ሰገራ፣ ውሃ እንኳ ሆድ ውስጥ አለመርጋት ሲመጣ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።