የመጀመሪያ ኮንሰርትዎ ደሴ ላይ ከሆነ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ታዋቂ ድምፃዊ ወደ ደሴ ሊመጣ ነው ከተባለ ከተማው የሚሞቀው ገና ፖስተሩ ሲለጠፍ ነው። ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ ያለው ባጃጅ ሁሉ የዚያኑ ሰው ዘፈን ይከፍታል፤ ኮምቦልቻ ያለው ዘመድ ደውሎ «አልጋ ያዝልኝ» ይላል። ለወሎ ሰው ሙዚቃ ብርቅ ሆኖ አይደለም። ማሪቱ ለገሠን ያፈራው የወሎ ላሊበላ ኪነት አገር ነው፤ ሰርግ ላይ እስኪነጋ ጨፍሮ የማያውቅ ወሎዬ ካለ ገና ያልተወለደ ነው። ይሁንና የሰርግ ድንኳንና ሺህ ሰው የሚቆምበት ሜዳ ለየቅል ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ ኮንሰርት የሚገባ ሰው የሚዘጋጀው ለዘፋኙ ነው፤ ግጥሙን ይሸመድዳል፣ ልብሱን ያሳምራል። ለምሽቱ ግን አይዘጋጅም። ደስታውን የሚያበላሹትም ብርዱ፣ ሰልፉ፣ ግፊያውና የመመለሻው መንገድ እንጂ ሙዚቃው አይደለም።

ትኬት ከማንም እጅ መግዛት

ፖስተሩ ላይ ትኬቱ የሚሸጥባቸው ቦታዎች ተዘርዝረዋል፤ ከዚያ ውጭ የሚቀርብልዎትን አይቀበሉ። በተለይ በዕለቱ በር ላይ ቆሞ «ጓደኛዬ ቀርቶብኝ ነው» የሚለውን ሰው በትሕትና ይለፉት። በስልክ የሚላክ ትኬት ላይ ያለው ባለ አራት ማዕዘን ኮድ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ያንኑ ምስል ለአምስት ሰው ቢሸጡት ቀድሞ የደረሰው ይገባል፣ አራቱ በር ላይ ይጨቃጨቃሉ። በዚሁ ምክንያት ትኬትዎን ፎቶ አንሥተው «ዝግጁ ነኝ» ብለው ፌስቡክ ላይ አይለጥፉት።

ከመክፈልዎ በፊት ፖስተሩን እንደ ውል ያንብቡት። ትልቁ ፎቶ ሁልጊዜ የምሽቱ ዋና ዘፋኝ አይደለም፤ ሁለት ዘፈን ብቻ የሚያቀርብ እንግዳ ሊሆን ይችላል። «በሙሉ ባንድ» የሚል ከሌለ ይጠይቁ፤ ከበሮና ጊታር ይዞ የሚወጣ ዘፋኝና የተቀዳ ሙዚቃ ከፍቶ የሚዘፍን አንድ ዋጋ ሊጠየቅባቸው አይገባም። ቪአይፒ ለሚባለውም ተጨማሪ ብር ከማውጣትዎ በፊት ምን እንደሚያገኙበት ይወቁ። አንዳንዴ ወንበር ነው፤ አንዳንዴ ለመድረኩ ቅርብ ቦታ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ሌላ በር ብቻ ነው፣ ከበሩ በኋላ ሁሉም አንድ ሜዳ ላይ ይገናኛል።

ኮንሰርት ይራዘማል፣ ይሰረዛልም። ከሐይቅ፣ ከወልዲያ ወይም ከከሚሴ የሚመጡ ከሆነ ከመነሣትዎ በፊት በዕለቱ ጠዋት የአዘጋጁን ገጽ ይመልከቱ። ቢራዘም ትኬቱን አይጣሉት።

የደሴን ብርድ መናቅ

ይህ በተለይ የኮምቦልቻ ሰዎች ስህተት ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር አየሩ በስድስት ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ በተመሳሳይ ሰዓት በሁለቱ ከተሞች መካከል የአራት ዲግሪ ልዩነት አለ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ቲሸርት ለብሶ ሚኒባስ የሚሳፈር ወጣት ይህ ሁሉ ወሬ ይመስለዋል። ፀሐይዋ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ስትገባ ግን ይገባዋል። ጉም ከወረደ ደግሞ አለቀለት።

እየጨፈሩ ሳሉ ብርድ አይሰማም። ችግሩ የሚመጣው ሙዚቃው ካቆመ በኋላ ነው፦ ላብ ያረጠበው ልብስ ሰውነት ላይ ይቀዘቅዛል፤ እርስዎ ትራንስፖርት ፍለጋ ቆመዋል። ስለዚህ ወፍራም ከሆነ አንድ ልብስ ይልቅ የሚወልቅ ጃኬት ከላይ፣ ቀለል ያለ ከሥር ይልበሱ። ጋቢ ይዞ ኮንሰርት መግባት የሚያሳፍረው ሰው ካለ፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ የጎረቤቱን ጋቢ ጠርዝ ሲስብ ይገኛል። ጫማው የተዘጋና የለመዱት ይሁን፤ ሜዳው ሣር ከሆነ ከዝናብ በኋላ ጭቃ ነው፣ በተረከዘ ረጅም ጫማ መንሸራተት ብቻ ሳይሆን የሌላውን እግር መውጋትም አለ። ጃንጥላ የኋለኛውን ሰው እይታ ይከልላል፣ በር ላይም ሊወሰድብዎት ይችላል፤ የዝናብ ልብስ ይሻላል።

ፖስተሩ ላይ ያለውን ሰዓት እንዳለ ማመን፣ ወይም ጨርሶ አለማመን

«8 ሰዓት ይጀምራል» ማለት ብዙ ጊዜ በሩ የሚከፈትበት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ዲጄ አለ፣ አዳዲስ ድምፃውያን አሉ፣ የድምፅ ሙከራው ራሱ አለ፤ ዋናው ዘፋኝ ሲመሽ ይወጣል። ይህን የማያውቅ ምሳ ሳይበላ ሮጦ መጥቶ ዋናው ሲወጣ ደክሞ ይቀመጣል። ይህን አውቃለሁ የሚለው ደግሞ «የሐበሻ ቀጠሮ ነው» ብሎ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሲደርስ ሰልፉ አጥሩን ዞሯል፤ የሚወደውን ዘፈን ከውጭ ሆኖ ይሰማል። መካከለኛው ይሻላል፦ በሩ ከተከፈተ ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ፣ ምሳ በልቶ።

ፍተሻው ላይ የወንድና የሴት ሰልፍ ይለያል። አብረው የመጡ ሰዎች የሚጠፋፉት እዚህ ነው፤ ከበሩ ውስጥ የት እንደሚገናኙ ሰልፉ ሳይለያችሁ ተነጋገሩ። ስለታም ነገርና ጠርሙስ አይያዙ፤ በር ላይ አንድ ጊዜ ከተጣለ አይመለስም።

ሰጋጆች አንድ ነገር አስቀድመው ይጠይቁ፦ ወጥቶ መግባት ይቻላል? የዐስር ሶላት ሰልፉ ላይ፣ መግሪብ ደግሞ ሙዚቃው መሐል ይደርሳል። ደሴ ላይ መስጊድ ሩቅ አይደለም፤ በሩ ግን አንዴ የወጣን ላያስገባ ይችላል።

ቢራን በተመለከተ፣ ኮምቦልቻ የቢራ ፋብሪካ ያላት ከተማ ስለሆነች እዚህ አካባቢ ክፉ መናገር ይከብዳል። ነገር ግን መጠጥ ሙቀት የሰጠ ይመስላል እንጂ ደሙን ወደ ቆዳ እየገፋ የሰውነትን ሙቀት ያስወጣል፤ በዚያ ላይ መጸዳጃ ቤቱ ሩቅ ነው፣ ሰልፉም ረጅም።

ሞንታርቦው ፊት መቆም

አዲስ ገቢ ሁሉ ወደ መድረኩ ይሮጣል። ፊት ለፊት መቆም የራሱ ደስታ አለው፤ የዘፋኙን ላብ ያያሉ፣ ምናልባት ማይክሮፎኑን ወደ እርስዎ ያዞራል። ሙዚቃውን ለመስማት ግን መጥፎ ቦታ ነው። ከግራም ከቀኝም የተቆለሉት ሞንታርቦዎች ድምፃቸውን የሚወረውሩት ወደ ሜዳው ነው፤ ከሥራቸው የቆመ የቤዝ ጉምጉምታ ደረቱን ሲመታው ይውላል እንጂ ቃል አይለይም። ወደ ሜዳው መሐል ቢመለከቱ በአጥር የተከበበ ጠረጴዛና ላዩ ላይ ብዙ ቁልፎች ያሉት ሚክሰር ያያሉ። ባለሙያው እያንዳንዱን ድምፅ የሚመጥነው እዚያ ቆሞ በሚሰማው ነው፤ ስለዚህ ሙዚቃው በትክክል የሚሰማው እሱ ባለበት አካባቢ ነው። ከሚክሰሩ ትንሽ ፊት ወይም ጎን ቦታ ካገኙ ከቪአይፒ አይለውጡት።

ወደ ኋላ የቆመ ሰው ደግሞ ሌላ ስህተት ይሠራል። የዘፋኙ ከንፈርና ድምፁ አልገጥም ሲለው «ፕሌይባክ ነው፣ ተጭበረበርን» ብሎ ጎረቤቱን ያስቆጣል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚጓዘው፤ ከመድረኩ 100 ሜትር ርቆ ለቆመ ሰው አፉ ከተንቀሳቀሰ ከሰከንድ ሲሶ ገደማ በኋላ ይደርሰዋል። ብርሃን ግን አይዘገይም። ስለዚህ ከመፍረድዎ በፊት ወደ ፊት ቀረብ ብለው ይዩ፤ እዚያም ካልገጠመ ያኔ ይናደዱ።

ጆሮን በተመለከተ ቀልድ የለም። በሥራ ቦታ ደኅንነት መለኪያ መሠረት የ85 ዴሲቤል ድምፅ ለስምንት ሰዓት ይቻላል ከተባለ፣ በየሦስት ዴሲቤል ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ዴሲቤል ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለሙዚቃ ቦታዎች ባወጣው መመሪያ አማካዩ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይመክራል፤ ሞንታርቦው ሥር ያለው ይህን በቀላሉ ያልፈዋል። ጥጥ መወተፍ ብዙ አይጠቅምም። ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኞች የሚያደርጉት የስፖንጅ ጆሮ መሰኪያ ግን ይሠራል፤ ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠራ ዘመድ ካለዎት አንድ ጥንድ ይለምኑት። ሙዚቃውን አያጠፋም፣ ዝቅ ያደርገዋል እንጂ። ሕፃን ይዘው ወደፊት የሚጠጉ ወላጆችን ሳይ ግን እውነቱን ለመናገር ቁጣ ይይዘኛል፤ ልጁ «ጆሮዬን» ብሎ ሲያለቅስ እንቅልፉ መጣ ይላሉ።

ግፊያን እንደ ጨዋታ ማየት

እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ ሂውስተን ከተማ በትራቪስ ስኮት ኮንሰርት ላይ 10 ሰዎች ሞተዋል። ሰው በእንዲህ ያለ መጨናነቅ የሚሞተው ስለተረገጠ ብቻ አይደለም፤ ከፊትም ከኋላም ተጣብቆ ደረቱ መስፋት ስለሚያቅተውና አየር ስለሚያጣ ነው፣ ቆሞ እንዳለ። ስለዚህ ምልክቱን ይወቁ፦ እጅዎን ወደ ፊትዎ ማንሣት ካቃተዎት፣ ወይም ሳይፈልጉ ከሰዉ ጋር እንደ ማዕበል ከተወዛወዙ፣ የመውጫ ጊዜ ነው። በዚያ ሰዓት ዘፈኑ የሚወዱት ቢሆንም።

እንዴት? ክንድዎን አጥፈው ደረትዎ ፊት ይያዙ፤ ለሳንባዎ ቦታ ይፈጥራል። ግፊቱ ሲመጣ አብረው ይሂዱ፣ ሲረግብ በሰያፍ ወደ ጎን ይውጡ። ከግፊቱ ጋር ፊት ለፊት አይታገሉ። ስልክ ቢወድቅ አይጎንበሱ። ከአጠገብዎ የወደቀ ሰው ካለ ግን ወዲያው ያንሡት፣ በአካባቢው ያለው ሰው እንዲያቆም ይጩኹ። ወደ ሜዳው ሲገቡም መግቢያውን ብቻ ሳይሆን ሌሎች መውጫዎችን በዓይንዎ ይፈልጉ፤ ሲጨርስ ሁሉም ወደ ገባበት በር ይሮጣልና።

ስልክ ላይ መተማመን

ሺህ ስልክ አንድ ቦታ ሲሰበሰብ ኔትወርኩ ይጨናነቃል፤ «የት ነህ?» ማለት የሚቻለው ከኮንሰርቱ በፊት ነው። ጥሪ ሲያቅት አጭር መልእክት ሊያልፍ ይችላል። ብትጠፋፉ የምትገናኙበትን ቦታና ሰዓት አስቀድመው በቃል ይቀጥሩ፤ «በሩ ጋ» አይበሉ፣ በሩ ጋ ሁሉም አለ። ሆጤ ስታዲየም ከሆነ ትንሽ ራቅ ያለ፣ መብራት ያለው የታወቀ ቦታ ይምረጡ። ስልኩ የኋላ ኪስ ውስጥ አይቀመጥ፤ ኪስ አውላቂም ኮንሰርት ይወዳል። ሁሉን ዘፈን መቅረጽም ይቅርብዎት። ማይክሮፎኑ ያን ሁሉ ድምፅ ስለማይችለው ነገ የሚሰሙት ፍርክርክ ያለ ጩኸት ነው።

መመለሻውን ሳያስቡ መሄድ

ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በቀን ሲታሰብ ምንም አይደለም። በሌሊት ግን ሐረጎ አለ። ያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ጉም ሲለብስ የፊት መብራት ራሱ ነጭ ግድግዳ ይሆናል፤ ከባድ መኪና ከታች እያቃሰተ ይወጣል፣ ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ወጣት ግን ገና መድረኩ ፊት ያለ ይመስል ይዘፍናል፣ ሹፌሩም አብሮ። ኮንሰርቱ ሲያልቅ መደበኛ ታክሲ የለም። ያገኙት መኪና ውስጥ ዘለው መግባት ግን መፍትሔ አይደለም፤ የሚያሽከረክረው ሰው ሲጠጣ አምሽቶ እንደሆነ አያውቁም።

ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው አስቀድሞ ተሰባስቦ የሚታወቅ ሹፌር ኮንትራት መያዝ፣ ሒሳቡን ግማሽ ከፍሎ ግማሹን ሲመልስ መስጠት ነው። ይህ ሹፌሩን በቦታው ያቆየዋል። ሁለተኛው ደሴ ማደር ነው፤ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ፒያሳ አካባቢ ያሉ አልጋዎች በእንዲህ ያለ ቀን ቀድመው ይያዛሉ፣ ስለዚህ ትኬቱን በገዙበት ቀን ይደውሉ።

ደሴ ነዋሪ ከሆኑም ባጃጅ በር ላይ አይፈልጉ፤ ዋጋው እጥፍ ይሆናል፣ መንገዱም ዝግ ነው። ጥቂት ደቂቃ በቡድን ሆነው ይራመዱና ከሕዝቡ ከራቁ በኋላ ይሳፈሩ። ሴቶች ብቻችሁን አትሂዱ። ቤት ለሚጠብቁ ወላጆች የመግቢያውን ሳይሆን የመመለሻውን ሰዓት ንገሯቸው፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ጨምራችሁ።

በማግሥቱ ድምፅዎ ቢዘጋ ለብ ያለ ውኃና ዝምታ ይበቃዋል። ጆሮዎ «ጭ…» ማለቱም ብዙ ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይተዋል። ከሁለት ቀን ካለፈ፣ ወይም አንዱ ጆሮ ከሌላው ያነሰ የሚሰማ ከሆነ፣ እስኪለቅ አይጠብቁ፤ የጆሮ ሐኪም ጋ ይሂዱ፣ ቶሎ የታየ የመዳን ዕድሉ ይሻላል።