ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ራስ ምታቱ አልለቅ ሲለው

ልጄ 15 ዓመቱ ነው። ለቴስታ ሲዘል ከሌላ ልጅ ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጨ። ሐኪም አየው፤ አደገኛ ነገር አልተገኘም። ወር አልፎም ግን ራስ ምታቱ አልለቀቀውም። ክፍል ውስጥ ጫጫታው ያዞረው ነበር።

መጀመሪያ ተሳስቻለሁ። አንጀቴ አልችል ብሎ መጋረጃ ዘግቼ ሁለት ሳምንት አስተኛሁት። ጋደም ማለትና ስልክ መቀነስ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ 24 እስከ 48 ሰዓታት ነው። ከዚያ በላይ ሲረዝም ማገገምን ያዘገያል።

መድኃኒቱ ቀላል እንቅስቃሴ ነው። ሐኪሙን አማክረን ጠዋት ጠዋት በእግር መውጣት ጀመርን። በ10 ደቂቃ ጀምረን ቀስ በቀስ 20 አደረስነው። ከመውጣታችን በፊት «ሕመሙ ከ10 ስንት ነው?» እለዋለሁ። መንገድ ላይም ደግሜ እጠይቀዋለሁ። ከሁለት ነጥብ በላይ ከጨመረ እንመለሳለን። ትንሽ ጨምሮ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከበረደ ግን አያስፈራም፤ በማግስቱ እንቀጥላለን። እባካችሁ ይህቺን ጥያቄ አትዝለሏት።

ትምህርቱን በግማሽ ቀን ጀመረ። መምህራኑ በየመሀሉ እንዲያርፍ ፈቀዱለት፣ ለፈተናም ሰዓት ጨመሩለት። ማታ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ይተኛል፤ ስልኩ ሳሎን ያድራል። ማስታገሻ በየቀኑ አትስጡ፤ ሲበዛ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። ማዞሩ ወይም የአንገት ሕመሙ ካልተሻለ ፊዚዮቴራፒ ይረዳል። ልጁ ከተከፋም ዝም አትበሉት፣ ለሐኪሙ ንገሩ።

ወደ ኳስ የሚመለሰው ክፍል ውስጥ ሙሉ ቀን ሳይታመም ከተማረና ሐኪም ከፈቀደ በኋላ ነው። ደጋግሞ ካስታወከ፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም አልነቃ ካለ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።